ለመንደሩ ያልተነሳው ዳቦ

ወንድሜ ሒዝቂዮ ሲቀና አፍንጫው ይቀላል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ መንደሩ ጉንፋን ይመስለዋል። ልጅ ሳለ እናታችን ሐብሐብ ስትቆርጥ የእኔን ቁራጭ በዓይኑ ይለካና ከእሱ የበለጠ ከመሰለው አፍንጫው ቲማቲም መስሎ ጥግ ይይዝ ነበር። ዛሬ ጢሙ ነጥቷል፣ የሳምርካንድ ከተማ አይሁድ ሁሉ «ረቢ» ይሉታል፣ አፍንጫው ግን ያው ነው።

እኔ ሲቭዮ ታላቅ እህቱ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው እሱ ግቢ ውስጥ፣ ሮማኑ ሥር ባለችው ክፍል ነው። ከሚስቱ ከቡሉር ጋር እንዋደዳለን፤ እሱን በማማት ተግባብተን እንውላለን።

በድሮው በሶቪየት መንግሥት ጊዜ የእኛን የቀን መቁጠሪያ የሚያትም ማተሚያ ቤት አልነበረም። በዓል መቼ እንደሚውል ማወቅ የፈለገ ሁሉ የእኛን በር ያንኳኳል። የፓርቲ አባል የሆኑት አስተማሪ እንኳ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ድረስ ዝቅ አድርገው ይመጡና «ለእኔ አይደለም፣ እናቴ ጠይቅ ብላኝ ነው» ይላሉ። ሒዝቂዮ መልሱ አፉ ላይ እያለ ቶሎ አይናገርም። መጀመሪያ ያስቀምጣል፣ ሻይ ያስቀዳል፣ ጣራውን ያያል፣ ጢሙን ያሻሻል፤ ከዚያ ነው «ፋሲካ ሰኞ ማታ ይገባል» የሚለው። በዓሉን ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጥ ነበር የሚመስለው። እሱም ቢሆን እንደዚያ ይመስለው ነበር።

ስለ ቀን መቁጠሪያችን ሲያስተምር ሰው ጆሮውን ያቆማል። እሱ እንደሚለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው የቅናት ታሪክ ነው። «ጨረቃ ጥንት ከፀሐይ እኩል ነበረች» ይላል። «እሷ ግን ሁለት ንጉሥ እንዴት አንድ ዘውድ ይደፋል ብላ ክስ አቀረበች። እንግዲያው አንቺ እነሺ ተባለች። ይኸው እኛም ወራችንን የምንቆጥረው በዚያች በቀናችው ነው።» ትሽሪ የተባለውን ወር አይወደውም። «ሆዳም! አዲስ ዓመቱን በላ፣ የማስተሰርያውን ቀን በላ፣ የዳሱን በዓል በላ። ከኋላው ለሚመጣው ለሔሽቫን አንዲት በዓል እንኳ አላስተረፈለትም» ይላል። ከሁሉ ይልቅ አንጀቱን የሚበላው ግን የአዳር ነገር ነው። በጥቂት ዓመት አንዴ አዳር የሚባለው ወር ሁለት ይሆናል፤ ያን ጊዜ የፑሪም በዓል ጭፈራና ጣፋጭ ሁሉ ለሁለተኛው አዳር ይሰጣል። «ፊተኛው ምን አጠፋ?» ይላል ጠረጴዛውን እየመታ። «ቀድሞ መጣ፤ ጥፋቱ ይኸው ብቻ ነው። ኋላ የመጣው ድግሱን ጠቅልሎ ይወስድበታል!»

ይህን ድሮም ይለው ነበር። ረቢ አብኔር ከመጣ በኋላ ግን ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ይለው ጀመር።

መንግሥቱ ፈረሰ፣ ባንዲራው ተቀየረ፣ በሩ ተከፈተ፤ በተከፈተውም በር ከኢየሩሳሌም አንድ ወጣት ረቢ መጣልን። አያቶቹ የእኛው መንደር ሰዎች ነበሩ፤ ቋንቋችንን እንደ ድሮ ሽማግሌ ነው የሚናገረው። ገና ሚስት የለውም፣ ዛሬ እዚህ ቤት ነገ እዚያ ቤት እየተጋበዘ ይበላል። ድምፁ ያምራል። የክፉ ነገር ጠረን የሌለበት ልጅ ነው፤ እኔ ራሴ ሁለተኛ ሳህን ሳልጨምርለት ሸኝቼው አላውቅም። ሒዝቂዮም ሳህኑን ያይ ነበር።

ልጁ ሲመጣ ታዲያ ባለቀለም ካላንደር በካርቶን ይዞ መጣ። በዓሉ፣ ጾሙ፣ ሰንበት የምትገባበት ሰዓት ሁሉ በሩሲያኛ ተጽፎበት፣ በየወሩ የወይን ዘለላና የወይራ ዛፍ ሥዕል አለው። በነጻ አደለው። በሳምንት ውስጥ ያልተሰቀለበት ግድግዳ ጠፋ። የወንድሜን በር የሚያንኳኳም ጠፋ። ቡሉር ሻይ ታፈላለች፣ እሱ በሩን ያያል፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

የዘንድሮ አዲስ ዓመት ሐሙስና ዓርብ ዋለ፤ ቀጥሎ ሰንበት ማለት ነው። እንዲህ ሲገጥም አንድ ነገር መደረግ አለበት። በበዓል ቀን ለዚያው ለበዓሉ ምግብ ማብሰል ይፈቀዳል፤ በበዓሉ ቀን ለሰንበት ማብሰል ግን አይፈቀድም፤ የሰንበት ምግብ ከበዓሉ በፊት ካልተጀመረ በስተቀር። ስለዚህ በዋዜማው አንድ ዳቦና አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይቀመጣል። የሰንበት ድግስ ተጀመረ ይባላል፤ ዓርብ የሚበስለው የዚያ ተከታይ ይሆናል። «ሰንበት ቀናተኛ ናት» ይላል ሒዝቂዮ፣ «በበዓል ትርፍራፊ መስተናገድ አትወድም፤ አስቀድመህ አስቤሻለሁ ልትላት ይገባል።»

በእኛ መንደር ይህን የሚያደርገው እሱ ነው፣ ለሁሉም። ማንም በቤቱ አያደርግም። አባታችን እንደዚያ ነበር፣ አያታችንም። ዳቦውንና እንቁላሉን ለእኔ ይሰጠኛል፤ እኔ በከተማው ሰው ሁሉ ስም ተቀብዬ ከጠረጴዛው ጋት ያህል ከፍ አደርገዋለሁ። በዚያች ቅጽበት ዳቦው የሁሉም ይሆናል። ከዚያ «ለእኛና በዚህ ከተማ ለሚኖሩ ሁሉ» ብሎ ይጨርሳል። ሙያ አይባልም፣ ግን እወደዋለሁ። እኔ ልጅ የለኝም፤ ያን ጊዜ ከተማውን የያዝኩ ይመስለኛል።

ረቡዕ ከሰዓት ሒዝቂዮ ጢሙን ሊያስተካክል ወደ ጎረቤታችን ወደ ፀጉር አስተካካዩ ጲንሐስ ሄደ። ሲመለስ አፍንጫው ቀልቷል።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ምንም። ጲንሐስ መስተዋቱን አንስቶ ያን ካላንደር ሰቅሎበታል። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ረቢ፣ አሁን እኮ አረፉ፤ ከእንግዲህ ጨረቃ ማሳደድ ቀረልዎ!' አለኝ። እየሳቀ! ምላጩ አንገቴ ላይ ሆኖ!»

«ጲንሐስ መቼ ሳይስቅ ያውቃል?»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቡሉር ዳቦውንና እንቁላሉን አቀረበች። እኔ እንደ ልማዴ እጄን ታጥቤ ዘረጋሁ። እሱ ባረከ። ሳህኑን ግን አልሰጠኝም፤ በሁለት እጁ ይዞ «ለእኛ» አለና አቆመ። ከዚያ ሳህኑን ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጠ።

«ከተማውስ?» አልኩ፣ እጄ እንደተዘረጋ።

«ከተማው ረቢ አለው። ካላንደርም አለው።»

«ልጁ ያደርግላቸዋል ማለትህ ነው? ነግረኸዋል?»

«እኔ ነኝ እሱን የምነግረው? የማያውቅ ከሆነ መጥቶ ይጠይቀኝ!»

«ሒዝቂዮ!»

«እትዬ፣ በዓል እየገባ ነው» አለኝና ካፖርቱን ለብሶ ወደ ምኩራብ ሄደ። ቡሉር እኔን አየችኝ፣ እኔም እሷን። ልጁ ከኢየሩሳሌም የመጣ የተማረ ሰው ነው፣ ይህ አይጠፋውም አልን። እጄን ሰበሰብኩ። ዕቃ ያወረዱበት ትከሻ እንኳ እንደዚያ አይቀለውም፤ ቅለቱ ግን ደስ አላለኝም።

ሐሙስ ቀንደ መለከቱን ልጁ ነፋ። ሌላ ጊዜ የሚነፋው ሒዝቂዮ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ እያጠረው ይቆራረጥበት ነበር። ልጁ ሲነፋ ግን ድምፁ አንድም ጊዜ ሳይሰበር ወጥቶ ጣራውን ዞረው። ከሴቶች በኩል ልቅሶ ተሰማ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ልዋሽ። ከመጋረጃው ቀዳዳ ወንድሜን አየሁት፤ የጸሎት መሸፈኛውን እስከ አፉ ስቦታል፣ የምትታየው አፍንጫው ብቻ ናት።

ዓርብ ጠዋት ጸሎት አልቆ ምኩራቡ ግቢ ውስጥ ቆመን ሳለ እማማ ማፍራት ክንዴን ያዙኝ። እማማ ማፍራት መንደሩ ውስጥ ካላንደሩን ያልተቀበሉ ብቸኛ ሴት ናቸው፤ «የእኔ ግድግዳ ረቢ አለው» ብለው መልሰውታል። በዓሉንም ሒዝቂዮ ራሱ ቤታቸው ሄዶ ነው የነገራቸው።

«ሲቭዮ፣ አነሳሽልን አይደል?» አሉኝ። ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ እኔም «አንስቻለሁ፣ ሂዱ አብስሉ» እላለሁ። ወጉ ነው።

አዎ ብል ማንም አያውቅም ነበር። ግን ያ ሁሉ ቤት ባልተፈቀደለት እሳት ሊያበስል ነው። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

«አላነሳሁም፣ እማማ።»

«ምን አልሽ?»

«ዘንድሮ አላነሳሁም።»

ረቢ አብኔር ሰምቶ ጠጋ አለ። «የምን ማንሳት ነው?»

«የዳቦውና የእንቁላሉ ነዋ!» አለ ጲንሐስ። «የሰንበቱ። ረቢያችን ለሁላችን ያደርጉልናል። ዘንድሮ እርስዎ አድርገውት ነው?»

ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ቤት የለኝም፣ አላበስልም። በእኛ ዘንድ እያንዳንዱ ቤት ራሱ ነው የሚያደርገው። ካላንደሩ ላይም አለ…»

«የት ነው ያለው?»

«ከታች። በዕብራይስጥ።»

«ያ ጉንዳን የመሰለው?» አለች አንዷ። «እኔ የማተሚያ ቤቱ አድራሻ መስሎኝ!»

ሁሉም ወደ ወንድሜ ዞሩ። እሱ ጢሙን አሻሸ። «የእኔ ቤት አድርጓል» አለ።

እውነት ነው፤ ውሸት አልተናገረም። ጲንሐስ ግን ግንባሩን መታ። «ገባኝ! ለአዲሱ ረቢ ክብር ብለው ነው የከተማውን የተዉት! የሰው ቦታ ላለመርገጥ! አያችሁ ጨዋነት?» ሰዉ ሁሉ «እውነትም!» አለ። ወንድሜ መሬት መሬት አየ። እኔ እንደማውቀው የማያውቀው ሰው ትሕትና ነው ብሎ ሊምል ይችል ነበር።

«እና ሰንበትን በደረቅ ዳቦ ልናሳልፍ ነው?» አሉ እማማ ማፍራት።

ያን ጊዜ ሒዝቂዮ ቀና አለ። ድምፁ የድሮው ድምፅ ሆነ፣ ሻይ አስቀድቶ ጣራ የሚያየው። «መፍትሔ አለው። ያላደረገ ሰው ማብሰል አይችልም፤ ያደረገ ሰው ግን የራሱን ያበስላል። ስለዚህ ሩዛችሁን፣ ሥጋችሁን፣ ካሮታችሁን ለእኔ በስጦታ ስጡኝ። ከልባችሁ ስጡኝ፣ የእኔ ይሁን። እኔ አበስለዋለሁ። ከበሰለ በኋላ ደግሞ ብፈቅድ እሰጣችኋለሁ።»

«ብፈቅድ ይላሉ እንዴ!» ብሎ ጲንሐስ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። አንዱ «ወረቀት ሩዝ አያበስል፣ የድሮው ረቢ ይሻላል!» አለ። የወንድሜን አፍንጫ አየሁ፤ ቅላቱ ጠፍቷል።

የመንደሩ ሩዝ በሙሉ ግቢያችን ገባ። በሳህን፣ በባልዲ፣ በቀሚስ ጫፍ። እያንዳንዱ ሰው «ይህ የእርስዎ ነው፣ ረቢ» እያለ ያስቀምጣል፣ እሱም «ተቀብያለሁ» ይላል። ከዋዜማው ጀምሮ የሚነደውን እሳት ወደ ግቢው ምድጃ አሻገርን፤ ለሠርግ የሚወጣውን ትልቁን የብረት ድስት ጣድን። ባኽሽ ልንሠራ ነው፤ ሩዙ ከጉበትና ከተከተፈ ድንብላል ቅጠል ጋር ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ ከረጢቱ ውኃ ውስጥ ይበስላል። ችግሩ የሌላ ቤት ሴት እጇን ማስገባት አለመቻሏ ነው፤ ለእሷ ማብሰል አልተፈቀደም። ስለዚህ ያን ሁሉ የምንሠራው እኔ፣ ቡሉርና ወንድሜ ብቻ ነን። መንደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ምክር ይሰጣል።

«ረቢ፣ ጉበቱን ያድቅቁት!» ትላለች አንዷ።

«ረቢ፣ የእኔ ድንብላል ይብዛበት!»

«ያንቺ የሚባል የለም፣ ሁሉም የእሳቸው ነው!» ይላል ጲንሐስ።

ሒዝቂዮ እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክርኑ አረንጓዴ ሆኖ ይከትፋል። እንደዚያ ሲደሰት ያየሁት በሠርጉ ቀን ነው። ጎኑ ተጠግቼ በሹክሹክታ «ንገራቸው» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«ምን እንዳደረግህ ነዋ። ይህ ሁሉ ሰው ያለ ምግብ ሊቀር የነበረው በማን ነው?»

ቢላውን አቆመ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ሽንኩርት ግን አልነበረም። «እትዬ፣ ሁሉም መጡ እኮ» አለኝ። «እንደ ድሮው መጡ። እስከ ማታ ብቻ ተዪኝ።»

ልናገር ያሰብኩትን ዋጥኩት። ተናድጄበታለሁ፤ ደግሞም አሳዘነኝ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከረጢቶቹ ከድስቱ ወጡ። ሒዝቂዮ ደረጃው ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ማደል ጀመረ። «ሰጥቼሃለሁ፣ የአንተ ይሁን» ይላል፤ ተቀባዩም እጁን ይስማል። እማማ ማፍራት የመጀመሪያዋን ተቀበሉ። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?» አሉት።

በዚህ መሀል ረቢ አብኔር ወደ ደረጃው ወጣ። ጠዋት ከነበረው ፊቱ ከስቷል።

«አንድ ነገር ልናገር» አለ። «አዲስ ዓመት ነው፣ የማስተሰርያው ቀን እየመጣ ነው። ሳልናገር መብላት አልችልም። ይህ ጥፋት የእኔ ነው። ወረቀት አደልኩና ሥራዬ ያለቀ መሰለኝ። እዚህ ልማዱ ምን እንደሆነ ሄጄ ረቢ ሒዝቂዮን አልጠየቅሁም። ኮርቼ ነው። ይቅር በሉኝ።»

አንዲት ሴት ተንሰቀሰቀች። ጲንሐስ ወጥቶ ልጁን አቀፈው። «አይዞህ፣ የኔ ልጅ! ስንቱ ነው በአደባባይ ጥፋቱን የሚያምነው!» አለ። ሌሎቹም ትከሻውን ይመቱታል፣ ይመርቁታል። ከረጢቱን ከወንድሜ እጅ ሊቀበል የነበረው ሰው እንኳ ዞሮ ልጁን ሊያይ ሄደ። ሒዝቂዮ ከረጢት እንዳንጠለጠለ ቀረ።

እማማ ማፍራት እንባቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ። «ና እስቲ፣ ልጄ» አሉት ልጁን። «ጥፋቴ ነው የሚል ረቢ በዕድሜዬ አላየሁም። ያን ወረቀትህን አምጣልኝ። ግድግዳዬ ላይ እሰቅለዋለሁ።»

ወንድሜን አየሁት። አፍንጫው ከጫፉ ጀምሮ ሲቀላ፣ ቅላቱ ወደ ግንባሩ ሲወጣ አየሁ። አወቅሁት፤ የሐብሐቡ ጊዜ ፊቱ ነው።

«ውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ።

ሁሉም ዞሩ።

«ውሸት ነው፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም! የእኔ ነው! የእኔ!» ደረቱን በአረንጓዴ እጁ መታ። «መለከቱን ወሰደ፣ ዝም አልኩ። ግድግዳችሁን ወሰደ፣ ዝም አልኩ። ጥፋቴንም ሊወስድ ነው? ምን ሠርቶበት? ረቡዕ ማታ ዳቦውን የያዝኩት እኔ ነኝ! እህቴ እጇን ዘርግታ ቆማ እኔ ነኝ ያልሰጠኋት! አልረሳሁም፣ ለማንም ክብር አልተውኩም። እያወቅሁ 'ለእኛ' ብዬ አቆምኩ። ቀንቼ ነው! ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማንም አይነካብኝም!»

ልጁ አፉን በእጁ ያዘ። ጲንሐስ እንኳ አልሳቀም። ሒዝቂዮም የተናገረውን የሰማው ያኔ መሰለኝ፤ ክንዱ ወረደ።

እማማ ማፍራት ከረጢታቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ወደ ደረጃው ተጠጉ።

«እኔንም?» አሉት። «ወረቀቱን ስመልስ ነበርህ። ወንበሬ ላይ ተቀምጠህ ሻይ ጠጥተሃል። እኔንም ተውከኝ?»

«እርስዎንም፣ እማማ» አለ። ድምፁ አይሰማም ነበር።

እማማ ማፍራት ከረጢቱን እግሩ ሥር አስቀመጡ። «እንግዲያው ሩዙ ያንተ ነው። ከልቤ ሰጥቼህ ነበር» አሉና ሄዱ። ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ማንም ሊደግፋቸው አልደፈረም።

ሰዉ የቀሩትን ከረጢቶች ከመሬት እያነሳ ወጣ። እጁን የሳመ የለም፤ የሰደበውም የለም። ልጁ መጨረሻ ላይ «ረቢ…» ብሎ ጀመረ፣ ሒዝቂዮ ግን አልሰማውም። የእማማ ማፍራትን ከረጢት አንስቶ፣ ባርኔጣውን ረስቶ፣ እየሮጠ ከግቢው ወጣ። ሰንበት ከገባች በኋላ መንገድ ላይ ዕቃ መሸከም አይቻልም፤ ፀሐይዋ ደግሞ ግንቡ ጫፍ ላይ ናት።

ተከትዬ በሩ ጋ ቆምኩ። በሰፈሩ ጠባብ መንገድ ላይ ነጭ ጢሙ እየበረረ፣ ከከረጢቱ የሚንጠባጠበው ውኃ ሱሪውን እያራሰው ሲሮጥ ይታየኛል። በየደጁ የቆመው ሁሉ ያየዋል። የእማማ ማፍራት በር ተዘግቷል። አንኳኳ። ደግሞ አንኳኳ። ስማቸውን ጠራ።

በሩ ብርሃኑ ሊያልቅ ሲል ተከፈተ። እማማ ማፍራት ከረጢቱን ተቀበሉት። ግባ ግን አላሉትም።